ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የማይነቃ ሞኒተር

ስሊፕ ገብቶ የነበረ ኮምፒውተር ሲቀሰቀስ ራሱ ተነሥቶ ሥራውን ሲጀምር፣ በኬብል የተያያዘው ውጫዊ ሞኒተር ግን ጥቁር እንደሆነ የሚቀርበት ብልሽት አለ። በዴስክቶፕም፣ ሁለተኛ ስክሪን በተሰካበት ላፕቶፕም ላይ ያጋጥማል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ዕቃዎች አንዱም አልተቃጠለም፤ የተቋረጠው በመካከላቸው ያለው ንግግር ነው። ደህና ሞኒተር ተጥሎ አዲስ የሚገዛው፣ ጤነኛ ግራፊክስ ካርድም የሚቀየረው ማን ለማን እንዳልመለሰ ሳይለይ ሲቀር ነው።

የሁለቱ እንቅልፍ

ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ የሚተኙት በየራሳቸው ሥርዓት ነው። የኮምፒውተሩን የእንቅልፍ ደረጃዎች የደነገገው ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ ስታንዳርድ ነው። በዚህ ስታንዳርድ ኤስ3 የሚባለው የተለመደው ስሊፕ ነው፤ ራም ብቻ ኃይል እያገኘ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ይጠፋሉ። ኤስ4 ሃይበርኔት ሲሆን በራም የነበረው ሁሉ ወደ ዲስክ ተጽፎ ማሽኑ ይዘጋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ በብዙ ላፕቶፖች ኤስ3 ቀርቶ፣ ማሽኑ እንደ ስልክ ስክሪኑን አጥፍቶ በዝቅተኛ ኃይል ከውስጥ ነቅቶ የሚያድርበት አሠራር ተተክቷል። ከኤስ3 የሚነሣ ግራፊክስ ካርድ ከባዶ ስለሚነሣ፣ የትኛው መውጫ ላይ ምን እንደተሰካ ድራይቨሩ እንደገና መጠየቅ አለበት። ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ሞኒተሮች እንዲተኙ የተደረጉት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ኢነርጂ ስታር የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረ፤ በዓመቱ ቬሳ የተባለው የማሳያ አምራቾች ማኅበር ዲፒኤምኤስ የሚባለውን ደንብ አወጣ። ያ ደንብ ለአናሎጉ የቪጂኤ ኬብል ዘመን የተሠራና እጅግ ቀላል ነበር። ምስሉን ከሚያስተካክሉት ሁለት የጊዜ ምልክቶች አግድሙ ብቻ ሲቋረጥ ሞኒተሩ ሸለብ ያደርጋል፤ ቁመቱ ብቻ ሲቋረጥ ይተኛል፤ ሁለቱም ሲቋረጡ ይጠፋል። ምልክቶቹ ሲመለሱ ይነቃል፤ ምንም ጥያቄና መልስ የለም። አሮጌው የቪጂኤ ሞኒተር በዚህ ብልሽት እምብዛም የማይታማው በዚህ ምክንያት ነው።

በዲጂታል ኬብል ሁለቱ ወገኖች መነጋገር ግድ ሆነባቸው። በዚያ ላይ የቁጠባ ሕጎቹ ጠበቁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ፣ ከ2013 ጀምሮ ተጠባባቂ ሆኖ የተሰካ የቤትና የቢሮ ዕቃ ከ0.5 ዋት በላይ እንዳይወስድ ተወሰነ። አንዳንድ ሞኒተሮች ታዲያ በጥልቁ ሲተኙ፣ የኮምፒውተሩን ጥሪ የሚሰማውን ክፍል ጭምር ያጠፋሉ። ጆሮውን ዘግቶ የተኛን ዕቃ መቀስቀስ ደግሞ ይከብዳል።

የመንቃት ንግግሩ

በኤችዲኤምአይም ሆነ በዲስፕሌይፖርት ንግግሩ የሚጀምረው በአንዲት ቀጭን የሽቦ መስመር ነው። ይህች መስመር በኤችዲኤምአይ 19ኛው፣ በዲስፕሌይፖርት 18ኛው ፒን ላይ ትገኛለች። ሞኒተሩ ቮልቴጇን ከፍ ሲያደርግ «አለሁ» ማለቱ ነው፤ ዝቅ ሲያደርግ ኮምፒውተሩ ኬብሉ እንደተነቀለ ይቆጥራል። በዲስፕሌይፖርት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ዝቅ ብላ ከተመለሰች «የምነግርህ አለ» የሚል ጥሪ ትሆናለች፤ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ካለፈች ግን መነቀል ናት። ሁለት ሺኛ ሰከንድ ዐይን እንኳ የማይጨፈንበት ጊዜ ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ እየተነሣ ያለ ሞኒተር ይህችን መስመር አንዴ ጥሎ አንዴ ሲያነሣ፣ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ተነቅሎ እንደገና የተሰካ ሊመስለው ይችላል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የሞኒተሩን መታወቂያ ያነባል። ኢዲአይዲ የሚባለው ይህ መታወቂያ መሠረታዊ ገጹ 128 ባይት ነው። የአምራቹን ምልክት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ስክሪኑ የሚችላቸውን የምስል መጠኖች ይዟል። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች በሁሉም ሞኒተር አንድ ናቸው፦ ዜሮ፣ ከዚያ 255 ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ዜሮ። የመጨረሻው ባይት ማረጋገጫ ነው፤ 128ቱም ተደምረው ለ256 ሲካፈሉ ቀሪ መኖር የለበትም። ሞኒተሩ ገና በግማሽ ነቅቶ ሳለ የተነበበ መታወቂያ ይህን ፈተና ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ስክሪኑን ጨርሶ ይተወዋል፣ ወይም በማይስማማ አነስተኛ የምስል መጠን ይከፍተዋል። ከስሊፕ በኋላ ፊደሉ ገዝፎና ደብዝዞ የሚታይ ስክሪን ከነጭራሹ ካልነቃው ጋር ሕመማቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

ዲስፕሌይፖርት ተጨማሪ ደረጃ አለው። ሲተኛ ኮምፒውተሩ ለሞኒተሩ «ተኛ» የሚል ትእዛዝ ይጽፍለታል፤ ሲነሣ «ንቃ» ይለዋል። የተኛው ሞኒተር መልስ ለመስጠት እስከ 1 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ስለሚፈቀድለት፣ ድራይቨሩ በትዕግሥት ደጋግሞ መጥራት ይኖርበታል። ከዚያ ሁለቱ በኬብሉ ላይ የሙከራ ምልክት እየተለዋወጡ የሚስማሙበትን ፍጥነት ይመርጣሉ። በአንድ መስመር 1.62፣ 2.7፣ 5.4 ወይም 8.1 ጊጋቢት በሰከንድ ሊሆን ይችላል። ደካማ ኬብል እዚህ ላይ ይጋለጣል። ቀን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ የዋለ ኬብል በመንቂያው ሰዓት ሙከራውን ሊወድቅ ይችላል፤ ስምምነቱ ከባዶ የሚደረገው ያኔ ነውና።

የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

ኬብል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። በዲስፕሌይፖርት ሶኬት 20ኛው ፒን 3.3 ቮልት ይሰጣል፤ ይህ ኃይል ለአዳፕተሮች የታሰበ ስለሆነ ተራ ኬብል ይህን ፒን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማገናኘት የለበትም። አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ግን ያገናኙታል። ውጤቱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ሞኒተሩ በኬብሉ በኩል ወደ ካርዱ ኃይል መግፋቱ ነው፤ ማሽኑ በትክክል አይተኛም፣ ሲነሣም የተዛባ ሁኔታ ይጠብቀዋል። ከውጭ ሲታይ ኬብሉ ከደኅናው በምንም አይለይም። ስለዚህ የቬሳ ማረጋገጫ ያለው ኬብል ለመግዛት የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ አይቆጭም።

አዳፕተር ሌላው ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ትንሽ ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ቢሮዎች አሮጌ ሞኒተር ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ነው። ይህ ዕቃ ኃይሉን የሚያገኘው ከኤችዲኤምአይ 18ኛው ፒን ሲሆን፣ ስታንዳርዱ ኮምፒውተሩን የሚያስገድደው 5 ቮልትና 55 ሚሊ አምፒር ብቻ እንዲሰጥ ነው። ከዚያ የበለጠ የሚፈልግ አዳፕተር አንዱ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ ሌላው ላይ ከስሊፕ በኋላ ይደነዝዛል። በጎኑ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው አዳፕተር ተመራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዩኤስቢ ሲ የሚያያዝ ዶክ ንግግሩን ያበዛዋል። መጀመሪያ የኃይል ስምምነት ይደረጋል፤ ቀጥሎ ሶኬቱ ምስል እንዲያሳልፍ ይፈቀድለታል፤ የዲስፕሌይፖርቱ ንግግር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዶኩ ራሱ ፌርምዌር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ስለሆነ እሱም ይሳሳታል። ዲስፕሌይሊንክ የሚባለው ዓይነት ዶክ ደግሞ ምስሉን በሶፍትዌር ጨምቆ በዩኤስቢ ይልካል፤ በዚህ ጊዜ የዩኤስቢ ቁጠባ ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

ሞኒተሩ ሁለት ሦስት መግቢያ ካለውና የትኛው ላይ ምልክት እንዳለ ራሱ እንዲፈልግ ከተደረገ፣ አንዱን ሲፈትሽ የኮምፒውተሩ ጥሪ በሌላው ያልፈዋል። ምንም አላገኘሁም ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ስክሪን የለም ብሎ መላኩን ያቆማል። እንዲህ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ተመሳሳይ ነገር በሌላ መንገድ ይመጣል። ሌሊት መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው እንደተኛ ይቀጥላል፤ ሞኒተሩ ግን ይጠፋል። መብራት ሲመጣ አንዳንዱ ሞኒተር ተነሥቶ ለጥቂት ሰከንድ ምልክት ፈልጎ ያጣና ይተኛል፤ ሌላው ቁልፉ እስኪጫን ድረስ ጠፍቶ ይቆያል። ጠዋት ላፕቶፑ ሲከፈት ማታ የነበረው ስክሪን አሁን የለም።

ብልሽቱን መለየት

ምንም ከመነቀሉ በፊት ኮምፒውተሩ መንቃቱ ይረጋገጣል። ጥሩው ፈተና በኪቦርዱ ላይ ያለው ካፕስ ሎክ ነው። ቁልፉ ሲጫን መብራቱ ከበራ፣ እንደገና ሲጫንም ከጠፋ፣ ስርዓቱ ነቅቶ እየመለሰ ነው፤ ችግሩ በምስሉ መንገድ ላይ ነው። መብራቱ ካልተንቀሳቀሰ ግን የተሰናከለው ራሱ ኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል፤ ፍለጋው ወደ ድራይቨር፣ ወደ ባዮስና ወደ ራም ይዞራል፤ የሞኒተሩን ኬብል መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ኮምፒውተሩ ከነቃ የሞኒተሩ አምፖል ይታያል። ብርቱካናማ ከሆነ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ሞኒተሩ ኃይል አለው፣ ምልክት ግን አላገኘም። የሞኒተሩ የራሱ የሜኑ ቁልፍ ሲጫን ጽሑፍ ከወጣ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። አምፖሉ ሥራ ላይ እንዳለ እያመለከተ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ጨልሞ በእጅ ባትሪ ስክሪኑ በማዕዘን ይበራበታል። ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ከታየ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው፤ ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው። ሞኒተሩ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ስለሚይዙ ልምድ የሌለው ሰው ሊከፍተው አይገባም።

ሁለቱም ጤነኛ ከመሰሉ ንግግሩን እንደገና ማስጀመር ይሞከራል። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሣል፤ ምንም ሳይታይ የሚደረግ በመሆኑ ለዚህ ብልሽት እጅግ ጠቃሚ ነው፣ የተከፈተም ሥራ አይጠፋም። በማክ ላይ የስክሪን ማስተካከያው ተከፍቶ ኦፕሽን ቁልፍ ሲያዝ ስክሪን የሚፈልግ ቁልፍ ይወጣል። በሊኑክስ ከርነሉ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ስክሪን መኖሩንና አለመኖሩን ስለሚመዘግብ፣ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን ያየው መሆኑ በቀጥታ ይነበባል።

ይህ ካልረዳ የምስሉ ኬብል ተነቅሎ ይሰካል። በዚህ ከተነሣ ጥፋቱ «አለሁ» በምትለው መስመር ላይ ወይም ከእሷ በሚቀጥለው ንግግር ላይ ሳይሆን አይቀርም። ካልተነሣ የሞኒተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በቁልፉ ማጥፋት አይበቃም፣ በቁልፍ የጠፋ ሞኒተር የተሰናከለውን ማስታወሻውን እንደያዘ ይቀራልና። የተነሣው በየትኛው እርምጃ እንደሆነ መጻፍ ይገባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነቅሎ የሰካ ሰው ስክሪኑ ቢበራለትም ምክንያቱን ስላላወቀ በማግሥቱ እዚያው ይመለሳል።

ቀጥሎ መለዋወጥ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ሌላ ኬብል፣ ከዚያ ሌላ መውጫ፣ ከዚያ ሌላ ሞኒተር። በዲስፕሌይፖርት የማይነቃው በኤችዲኤምአይ ከነቃ ጥልቅ እንቅልፉ ወይም ኬብሉ ይጠረጠራል። 144 ኸርዝ የነበረው ወደ 60 ወርዶ ችግሩ ከጠፋ ኬብሉ ፍጥነቱን አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል።

የሚጸኑ መፍትሔዎች

ከሁሉ ቀድሞ የሚሞከሩት በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ናቸው፦ ጥልቅ እንቅልፍን መዝጋትና መግቢያውን በአንዱ ላይ ማጽናት። የመጀመሪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስወጣል፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። ቀጥሎ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ የባዮሱና የዶኩ ፌርምዌር ይታደሳሉ። ብልሽቱ የጀመረው ድራይቨር ከታደሰ ማግሥት ከሆነ ግን ወደ ቀድሞው መመለስ ይሻላል። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመርንና የዩኤስቢ መሰኪያዎችን የሚያስተኙት ቁጠባዎች ሲዘጉ የሚድን ብዙ ነው።

ስክሪኑ ነቅቶ የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ተከማችተው ሲገኙም ምንጩ ያው ነው፤ ሞኒተሩ ሲተኛ የተነቀለ መስሏል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 መስኮቶች በየትኛው ስክሪን ላይ እንደነበሩ የሚያስታውስ ምርጫ በስክሪን ማስተካከያው ውስጥ አለው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ያልዳነ አሮጌ ሞኒተር፣ በተለይ ለመብራት ቀስ በቀስ እየዘገየ የመጣ ከሆነ፣ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች ደክመው ሊሆን ይችላል። ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ በስታቢላይዘር ወይም በዩፒኤስ በኩል መሰካት ድካሙን ያዘገየዋል። እስኪጠገን ድረስ ኮምፒውተሩ ስሊፕ እንዳይገባ ተደርጎ፣ ከሥራ ሲነሡ ሞኒተሩን በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ይቻላል።