ሙላትና መከር፤ የዲላ ቡና ስለ ምን በጀልባ አልወረደም?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ከተማ ይደርሳል። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ምሥራቋ የጌዴኦ ደጋ ሽቅብ ይነሣል፤ በስተ ምዕራቧ ምድሩ ወደ አባያ ሐይቅ ያዘቀዝቃል። በዚህ አቀበትና ቁልቁለት ላይ የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አስማምቶ ሲያለማ ኖሯል። በዚህ ጥበብ የተያዘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ገበያ ስሙ የሚጠራው የይርጋ ጨፌ ቡናም የዚሁ ምድር ፍሬ ነው።

አገሩ የቡና ብቻ ሳይሆን የውኃም አገር ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በበልግ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በክረምቱ ማገባደጃና በመጸው ይበረታል። ያን ጊዜ ለገዳራና እሱን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው አፈርና ድንጋይ እየጠራረጉ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ ቡናው ከዚህ ምድር ሲወጣ የኖረው በሰው ትከሻ፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ፣ ኋላም በጭነት መኪና ነው እንጂ በጀልባ አይደለም። ይህን ያህል ውኃና ይህን ያህል ጭነት በአንድ አገር ተገናኝተው ሳለ ወንዙ ስለ ምን መንገድ ሳይሆን ቀረ? ጥያቄው የዋህ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሌላው የአገራችን ዳርቻ፣ በባሮ ወንዝ ላይ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ከተካሄደው የመርከብ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ስለ መጓጓዣ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል።

የመጀመሪያው ምክንያት የምድሩ ተዳፋትነት ነው። የአባያ ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,175 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዲላ እስከ ሐይቁ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ ምድሩ በዚህ አጭር ርቀት ወደ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 13 ሜትር ያህል ይሆናል። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ሙላት የሚጨምረው ጥልቀትን ብቻ ሳይሆን ፍጥነትንና ጉልበትንም ነው። በበጋ ድንጋዩ ፀሐይ የሚሞቅበት ወንዝ በክረምት ያንኑ ድንጋይ ያንከባልላል። ስለዚህ ለጀልባ የበጋው ውኃ ያንስበታል፣ የክረምቱ ይበዛበታል፤ ልክ የሚሆንበት ወራት የለም።

ጀልባ የሚንሳፈፈው ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነው። በአባያ ሐይቅ ላይ የዳርቻውና የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ከቀላል እንጨት በሚጠፈር፣ ወጎሎ በሚባል ታንኳ ሲጓዙ ኖረዋል። ጣልያናዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. ከሐይቁ ደርሶ በንግሥቱ ስም ማርጋሪታ ብሎ ሲሰይመው፣ የአገሬው ሰው ውኃውን ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። ሆኖም ወጎሎ ዓሣ ለማጥመድና ሰው ለማሻገር እንጂ የቡና ጆንያ ወደ ውጭ አገር ገበያ ለማድረስ የሚሆን አልነበረም። አባያ ራሱ ወደ ባሕር የሚወስድ መውጫ የለውምና።

ከኢትዮጵያ ወንዞች መካከል ትልልቅ የጭነት መርከቦችን በመደበኛነት ለማስተናገድ የበቃው ባሮ ብቻ ነው። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ተነሥቶ ገደሉን ከጨረሰ በኋላ በጋምቤላ ሜዳ ላይ ይረጋል። ከዚያም ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት የሚባለውን ስም ይይዛል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ያለው የውኃ መንገድ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት ውኃው የሚወርደው ከ150 ሜትር አይበልጥም፤ በኪሎ ሜትር ሲከፋፈል 11 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዲላ ተዳፋት ላይ ሙላት ቁጣ ሲሆን በባሮ ሜዳ ላይ ግን ጥልቀት ይሆናል። አኙዋኮችም ይህን ወንዝ ከግንድ በተቦረቦረ ጠባብ ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት ኖረዋል። እንዲህ ያለው ታንኳ ጥቂት ውኃ ስለሚበቃው የወንዙ መጉደል እምብዛም አያግደውም። ትልቁ መርከብ ግን የሙላት ጥገኛ ነው።

የባሮና የሶባት ጠባይ በዓለም ፖለቲካ ላይ እንኳ እጁን ያስገባበት ጊዜ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የደጃዝማች ተሰማ ናደው ሠራዊት ከጎሬ ወርዶ በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደረሰ። ነገር ግን ክረምቱ እየገባ፣ ረግረጉ እየሰፋ፣ በሽታውም እየበረታ በመሄዱ ሠራዊቱ በዚያ ሊሰነብት ሳይችል ተመለሰ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ማርሻን የተባለው ፈረንሳዊ የጦር መኮንን በውኃ መንገድ ፋሾዳ ገባ። ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ ቀሩ። ፈረንሳውያኑ ፋሾዳን ለቀው በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. ፌዴርብ በተባለችው የእንፋሎት ጀልባቸው ሶባትንና ባሮን ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ ወራቱ የበጋ ነበር። ጀልባዋ ከባሮ ወዲያ ልታልፍ ስላልቻለች እዚያው ትተዋት በእግር ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። እግረኛው ክረምት ሲገባ ይመለሳል፤ ጀልባው በጋ ሲሆን ይቆማል። ይህ አለመገጣጠም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የንግድ ሥራውንም የሚገዛ ሕግ ሆነ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከብሪታንያ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲከራይ ተስማሙ። የመሬቱ የወንዝ ዳር ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቦታው ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና በውሉ ተጻፈ። ጣቢያው በመጨረሻ የተቆረቆረው ከኢታንግ በላይ፣ ባሮና ጃጃቤ በሚገናኙበት በጋምቤላ ነው። መርከብ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻው ሥፍራ፣ ለደጋው ቡናም የሚቀርበው ይኸው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው ሥራ ጀመሩ። ከጎሬ፣ ከቡሬና ከሳዮ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይወርዳል፤ ከካርቱም ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም በጋምቤላና በደጋው ከተሞች መጋዘን ከፈቱ።

የመርከቡ አገልግሎት የሚሠራው በክረምት ወራት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። በእነዚህ ወራት መርከብ በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ቁልቁል ወደ ካርቱም ሰባት ቀን፣ ሽቅብ ወደ ጋምቤላ ግን አሥራ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር። የአራት ቀኑ ልዩነት የሙላቱ ግብር ነው፤ መርከቡን ከአሸዋ ያነሣለት ውኃ መልሶ ይገፋዋል።

በሞላ ወንዝ ላይ መርከብ መምራት የራሱ ጥበብ አለው። ሽቅብ የሚወጣ መርከብ ኃይለኛውን ውኃ ሸሽቶ በመታጠፊያው የውስጥ ዳር፣ ውኃው ዝግ በሚልበት በኩል መጠጋት ይገባዋል። ነገር ግን አሸዋ የሚከማቸውም በዚያው ዳር ነው። ስለዚህ መሪው ከጉልበተኛ ውኃና ከአሸዋ መካከል ጠባብ መተላለፊያ ሲፈልግ ይውላል። ቁልቁል የሚወርድ መርከብ ደግሞ ቀስ ብሎ በመሄድ አይድንም። ከውኃው ፍጥነት ካልበለጠ አቅጣጫውን መቆጣጠር አይቻልም፤ ውኃው እንደ ግንድ ያዞረዋል። ወንዙ ከዳሩ ወጥቶ ሜዳውን ሲሸፍን እውነተኛው መተላለፊያ ከረግረጉ አይለይም። ያን ጊዜ ምልክቱ በዳር የቆመው ዛፍና የውኃው ገጽ አኳኋን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መርከበኛው ማወቅ ያለበት ውኃው በመጨመር ላይ ነው ወይስ በመጉደል ላይ የሚለውን ነው። ወንዙ እየጨመረ ሳለ አሸዋ ላይ የተቀመጠ መርከብ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ራሱ ይነሣል። ወንዙ እየጎደለ ሳለ የተቀመጠ መርከብ ግን የሚቀጥለውን ክረምት ሊጠብቅ ይችላል። በጥቅምት ወር ከጋምቤላ የሚነሣ የመጨረሻ መርከብ ከዚህ አደጋ ጋር የሚሽቀዳደም ነበር።

የንግዱ ዋና ችግር ግን ከመርከበኛው ጥበብ ውጭ የሆነው ነው። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ባሮ የሚጎድልበት ወራት ነው። በቅሎና ሸክም ተሸካሚ ከደጋው ለመውረድ የሚችለው መንገዱ ሲደርቅ፣ መልካውም ሲጎድል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደቡ ዝግ ነው። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና በጋምቤላ መጋዘን ተከማችቶ እስከ ሰኔ ድረስ መርከብ ይጠብቃል። በሰኔ መርከቡ ጨው ይዞ ሲደርስ ደግሞ የደጋው መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዙ ሁሉ ይሞላል፤ ጨውም እስከ ኅዳር ድረስ በቅሎ ይጠብቃል። የውኃው በር ሲከፈት የየብሱ ይዘጋል፤ የየብሱ ሲከፈት የውኃው ይዘጋል። ጋምቤላ በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል የቆመች መጋዘን ነበረች።

ይህ መጠበቅ ዋጋ አለው። ለግማሽ ዓመት የተቀመጠ ቡና ለግማሽ ዓመት የታሰረ ገንዘብ ነው፤ በቆላው እርጥበት ቡናውም ጥራቱን ያጣል። የመጨረሻው መርከብ ያመለጠው ጭነት እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ይቀመጣል። ይህን ወጪ ለመሸከም የሚችለው ብዙ ገንዘብና ሰፊ መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። በመሆኑም የወንዙ ሙላትና ጉድለት የመርከቡን ጉዞ ብቻ ሳይሆን ማን መነገድ እንደሚችልም ይወስን ነበር። ቡናውን በመከር ጊዜ የሸጠው ገበሬ ደግሞ የመጠበቁ ወጪ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ይደርሰዋል።

የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ባሮ በበጋና በክረምት የማይቋረጥ ተፎካካሪ አገኘ። ያም ሆኖ የምዕራቡ ደጋ ከሐዲዱ ሩቅ ስለ ነበረ የጋምቤላ ንግድ አልቆመም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር ጋምቤላም በእጁ ገባች፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር ከጣልያን እጅ አስለቀቃት። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ በ1894ቱ ውል የተጻፈው የኪራይ ጊዜ አበቃ። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ስለ ነበረ የአገሪቱ አሳብ ከወንዝ ይልቅ ወደ መኪና መንገድ አዘንብሎ ነበር። በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነትም የውኃውን መንገድ ይበልጥ አዳከመው። ዛሬ በጋምቤላ ባሮን የሚያቋርጠው ድልድይ፣ ቀድሞ ርዝመቱ ይፈለግ የነበረው ወንዝ አሁን ወርዱ ብቻ የሚታሰብ መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዲላ ለሚመለስ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። የጌዴኦ ወንዞች እንደ ባሮ ሜዳ ላይ የሚረጉ ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ዋናው ሙላታቸው ከለቀማው ወራት ጋር ሙሉ በሙሉ ሊገጥም አይችልም ነበር። ዲላ የቡና ገበያ ሆና የጸናችው መንገዷ ከመከሯ ጋር ስለ ተስማማ ነው። ቡናው በሚደርስበት በጋ መንገዱም ይደርቃል፤ የጭነት መኪናው ጆንያውን አንሥቶ ሳይውል ሳያድር ይጓዛል። ወንዞቹም ቢሆኑ ከቡናው ሥራ አልራቁም። የማመላለሻ መንገድ ባይሆኑም ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ውኃ ይሰጣሉ፤ ለዚህም ሥራ በመከር ወራት የሚቀረው ልከኛ ውኃ ከክረምቱ ሙላት ይበልጥ ይስማማል።

የባሮ ታሪክ አሁን ሲነበብ የመርከብ ናፍቆት ብቻ መሆን የለበትም። የወንዝን ወርድና ጥልቀት፣ የመንገድን ርዝመትና ስፋት የሚለካ ባለሙያ ሁሉ አንድ ተጨማሪ መለኪያ ሊይዝ ይገባዋል፤ እሱም የዓመቱ ወራት ነው። መጓጓዣው የሚከፈትበት ወር ገበሬው ከሚለቅምበት ወር ጋር ካልተገናኘ፣ የሞላ ወንዝ እንኳ ጭነትን የሚያስቀምጥ እንጂ የሚያደርስ አይሆንም። በጋምቤላ መጋዘን ሰኔን ይጠብቅ የነበረው ቡና የከፈለው የዚህን ትምህርት ዋጋ ነው።