ሁለት «ቪኤይት»፣ አንድ ቁጥር

ያገለገለ ቅንጡ መኪና ሊገዛ የተነሳ ወዳጅ ካላችሁ ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ቪኤይት» ነው። አዲስ አበባ ላይ ቃሉ የላንድ ክሩዘር ሌላ ስም ሆኖ ቀርቷል። ትርጉሙ ግን በ«ቪ» ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ማለት ብቻ ነው፤ ሬንጅ ሮቨርም ቪኤይት ነበረው። እንዲያውም በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባለ 4.6 ሊትሩ ሬንጅ ሮቨርና ባለ 4.7 ሊትሩ ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 የሲሊንደራቸው ስፋት እኩል ነበር፤ 94 ሚሊ ሜትር። ታዲያ መካኒክ አንዱን ሲያይ ፊቱ የሚፈታው፣ ሌላውን ሲያይ የሚጨማደደው ለምንድን ነው? መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድን።

የሬንጅ ሮቨር ሞተር በትውልዱ እንግሊዛዊ አይደለም። የአሜሪካው ቢዊክ ለ1961 ሞዴሎቹ የሠራው ባለ 3.5 ሊትር የአሉሚኒየም ሞተር ነው። ቀላል ነበር፤ ማምረቱ ግን ውድ ሆነባቸውና በ1963 ተዉት። የሮቨር ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ማርቲን-ኸርስት አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጀልባ ሞተር ፋብሪካ አየውና ወደደው። በ1965 የማምረት መብቱ ተገዛ፤ በ1970 የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨር ውስጥ ገባ። ሌላው የጣለውን አንስቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ መንዳት! እኛ ይህን እናደንቃለን።

ችግሩ የመጣው ሲያሳድጉት ነው። 88.9 ሚሊ ሜትር የነበረው ሲሊንደር 94 ሲደርስ መሠረቱ ያው የድሮው ስለነበር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበትን የብረት እጅጌ ያቀፈው አሉሚኒየም ሳሳ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በላይ ይሰፋል። ውሃ ጎድሎት አንዴ ክፉኛ የሞቀ ሞተር እጅጌው ይላላል፣ ከጀርባውም ሊሰነጠቅና ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊያስገባ ይችላል። እዚያ ከደረሰ የቴስታታ ጋስኬት መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ቶዮታም አሳድጓል። በ1989 ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ውስጥ የገባው የአሉሚኒየም ሞተር ሲሊንደሩ 87.5 ነበር። በ1998 ለላንድ ክሩዘር 100 እና ለኤልኤክስ 470 ወደ 94 ሲሰፋ ግን ጃፓኖቹ ሞኖብሎኩን በብረት ሠሩት። ከበደ፤ ነዳጅም እንደ ውሃ ይጠጣል። ሙቀት ግን ይችላል። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ ታይሚንግ ቤልቱ በየ150,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት፣ ዋተር ፓምፑም አብሮ። «ተቀይሯል» የሚል ሻጭ ደረሰኝ ያሳያችሁ።

ኢትዮጵያ በ2024 በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች እዚህ የሚመረጠው ቀድሞ ከገባው ነው፤ የሞተሩም ዕድሜ ገፍቷል። የሬንጅ ሮቨሩን 4.6 የወደደ ሰው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይሂድ። የውሃውን ልክ ይይ፤ ከዚያ ያስነሳ። ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ጎማ ድንጋይ ሆኖ ከጠነከረ የተቃጠለ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀው ደግሞ ሌላ ቀን ይመለስ።