የቴሌፎን ኦፕሬተሮችና አውቶማቲክ ማዞሪያ

የካንሳስ ሲቲው ቀብር አስፈጻሚ አልመን ስትራውጀር በ1891 እ.ኤ.አ. የአውቶማቲክ ማዞሪያ ፓተንት ባገኘበት ዘመን፥ የአሜሪካን ቴሌፎን መስመሮች የሚያገናኙት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። የቤል ኩባንያዎች መሣሪያውን መትከል የጀመሩት በ1919 ሲሆን፥ ለውጡም ከተማ በከተማ እየተዛመተ በ1978 በካሊፎርኒያዋ አቫሎን ተፈጸመ። ስለሆነም አንዲት ኦፕሬተር ሥራዋን የምታጣበትን ጊዜ የወሰነው የምትኖርበት ከተማ ነበር።

ጉዳቱም በዕድሜ ይለያይ ነበር። ከኋላ የመጡት ልጃገረዶች ወደ ጸሐፊነትና ወደ ምግብ ቤት ሥራ ሲያመሩ፥ ቀድሞ በሥራው ላይ ከነበሩት ግን ብዙዎቹ ሥራ ፈትተዋል፤ ሌሎቹም ዝቅተኛ ደመወዝ ወዳለው ሥራ ወርደዋል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊተካው የሚችለው ሥራ በከፍተኛ ገቢ አገሮች 5.5 በመቶ፥ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 0.4 በመቶ መሆኑን ገምቷል፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጠው የጽሕፈት ቤት ሥራ ስለሆነ፥ የሴቶች ድርሻ ከወንዶች እጥፍ በላይ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስ የመስመሮቹን ብዛት ሲቆጥር፥ በማዞሪያው ፊት የተቀመጠችውን ሠራተኛ ዕድሜና ከተማዋ የምትሰጣትን ሌላ ሥራ አብሮ መቁጠር ይገባዋል።