የዞልዶና የካዶሬ አይስክሬም ሠሪዎች

የዞልዶና የካዶሬ አይስክሬም ሠሪዎች በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኔቶ ክልል በቤሉኖ አውራጃ ከሚገኙት የዞልዶ ሸለቆና የካዶሬ አካባቢ የተነሡ ቤተሰቦች ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመካከለኛው አውሮፓ ከተሞች በቤተሰብ የሚተዳደሩ አይስክሬም ቤቶችን በመክፈት ይታወቃሉ።

ስያሜ

አይስክሬም በጣሊያንኛ «ጀላቶ» ይባላል፤ ትርጉሙም «የቀዘቀዘ» ማለት ነው። የቃሉ ብዙ ቁጥር «ጀላቲ» ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ልጆች በላስቲክ ገዝተው የሚመጡት በረዶ «ጀላቲ» የሚባለውም ከዚሁ ቃል ነው። ይሁንና የኢትዮጵያው ጀላቲ በአብዛኛው ከውሃና ከስኳር ሲሠራ፣ የጣሊያኑ ጀላቶ ግን ወተት ይገባበታል። ያለ ወተት ከፍራፍሬ የሚሠራው ዓይነት «ሶርቤቶ» ይባላል።

አመጣጥ

ዞልዶ በዶሎሚቲ ተራሮች መካከል የሚገኝ፣ የእርሻ መሬቱ ጠባብ የሆነ ሸለቆ ነው። ነዋሪዎቹ ለረጅም ዘመን ብረት እየቀጠቀጡ ለቬኒስ ሚስማር ያቀርቡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፋብሪካ የሚመረት ብረት ገበያውን ሲይዝ የቀጥቃጮቹ ሥራ ተዳከመ፤ ብዙዎችም እንጀራ ፍለጋ ተሰደዱ። ከነዚህ ስደተኞች ከፊሎቹ አይስክሬም መሥራትን ሙያቸው አደረጉ።

ቪየና

ቀዳሚ መዳረሻቸው የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ዋና ከተማ ቪየና ነበረች። በመጀመሪያ የሚሸጡት በጎዳና ላይ በሚገፋ ጋሪ ነበር። የከተማዋ ኬክ ቤቶች ግን ገበያችንን ወሰዱብን ብለው አቤቱታ በማቅረባቸው በጎዳና ሽያጭ ላይ ገደብ ተጣለ። በዚህም ምክንያት ከፊሎቹ ሱቅ ተከራይተው ሲቀመጡ፣ ሌሎቹ ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ።

ከካዶሬ ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረው ኢታሎ ማርኪዮኒ በዎል ስትሪት አካባቢ በጋሪ ይሸጥ ነበር። ደንበኞች የብርጭቆ ኩባያዎቹን ስለሚሰብሩበትና ይዘዋቸው ስለሚሄዱ፣ የሚበላ ኩባያ መጋገሪያ ሠርቶ በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘ። የኮን ፈጣሪ ነን የሚሉ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ።

አሠራር

ማቀዝቀዣ ሳይስፋፋ በፊት ድብልቁ የሚገባበት የብረት ዕቃ በበረዶና በጨው በተሞላ በርሜል ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ጨው በረዶው ከ0 ዲግሪ በታች እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ በረዶው ሲቀልጥም ሙቀትን ከድብልቁ ይወስዳል። ድብልቁ ያለማቋረጥ ካልተማሰለ ውሃው ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራና አይስክሬሙ ይሻክራል።

የቤተሰብ ሕይወት

ሥራው ወቅታዊ ነው። ቤተሰቡ በፀደይ መጀመሪያ ወጥቶ በመኸር ይመለሳል፤ ክረምቱንም በትውልድ መንደሩ ያሳልፋል። ባልና ሚስት በሱቁ አብረው ሲሠሩ፣ ልጆች ብዙ ጊዜ ከአያቶቻቸው ዘንድ ወይም በአዳሪ ትምህርት ቤት ይቀሩ ነበር። ለሱቁ ገቢ የተከፈለው ትልቁ ዋጋ ይህ መለያየት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምዕራብ ጀርመን ኢኮኖሚ ሲያንሰራራ የጣሊያኖች አይስክሬም ቤት በትናንሽ ከተሞች ሳይቀር የተለመደ ሆነ። በ1969 እ.ኤ.አ. በማንሃይም ከተማ፣ ከጣሊያን አይስክሬም ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው ዳሪዮ ፎንታኔላ የቫኒላ አይስክሬምን በመጭመቂያ አሳልፎ ፓስታ አስመሰለው፤ በላዩም የእንጆሪ ስጎ አደረገበት። ይህ «ስፓጌቲ አይስ» በመላው ጀርመን ተስፋፍቷል።

በዞልዶ ሸለቆ መግቢያ ላይ በምትገኘው ሎንጋሮኔ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የአይስክሬም ትርኢት ይካሄዳል። ወቅቱም ሠሪዎቹ ወደ አገራቸው ከሚመለሱበት ጊዜ ጋር የተገጣጠመ ነው። ጥቅምት 9 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ከተራራ የተናደ አፈር ወደ ቫዮንት ግድብ ሐይቅ ገብቶ ያስነሣው ማዕበል ከተማዋን ጠራርጎ ከ1,900 በላይ ሰዎችን ገደለ። ትርኢቱ ግን ከአደጋው በኋላም ቀጥሏል።

በአሁኑ ጊዜ

የብዙ ቤተሰቦች ልጆች ሌላ ሙያ በመምረጣቸው ከሱቆቹ ከፊሎቹ ለሌሎች ባለቤቶች ተላልፈዋል። ያም ሆኖ በርካታ አይስክሬም ቤቶች ዛሬም የቬኒስን፣ የዶሎሚቲን ወይም የመሥራች ቤተሰባቸውን ስም እንደያዙ ይሠራሉ።