እንግዳዋ ነርስ፦ የቤት ለቤት ሕክምናን በታካሚው አንደበት መለካት

ሆስፒታል ውስጥ እንግዳው ታካሚው ነው፤ ሕክምናው ቤት ድረስ ሲመጣ ግን እንግዳዋ ነርሷ ትሆናለች። የቤት ለቤት ሕክምናን ጥራት ለመለካት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ይህ ነው፤ ቤት የመጣን እንግዳ ማማት ነውር ነውና።

ነገሩ በሐረር፣ ከሸዋ በር ገባ ብሎ ባለው በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጁገል ጎልቶ ይታያል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ሳሎን ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች (ነደባዎች) አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥም እንደ ክብሩ የተለየ ነው። የደም ግፊት ልትለካ የገባች ባለሙያ ቦታ ይለቀቅላታል፤ ቤተሰቡም ከበብ ብሎ ይቀመጣል። በዚያ መሃል «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ብትል የምታገኘው ምስጋና ነው። የመድኃኒቱ አወሳሰድ ያልገባቸው አዛውንት እንኳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ከተማ ሲገባ ነርሶች ተመደቡለት፤ ዕቅዱም አንዲት ባለሙያ 500 ያህል አባወራዎችን እንድትከታተል ነበር። መዝገቡ ስንት ቤት እንደተጎበኘ ይናገራል፤ ጉብኝቱ ለታማሚው ምን እንደፈየደ ግን ከቁጥሩ አይነበብም። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እንደሚሰጠው ባለ የማስታገሻ ክብካቤ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ ስቃዩ ቀለል ማለቱን የሚያውቀው ታማሚው ራሱ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው የቤት ሕክምና መጠይቅ ይሉኝታን የሚያልፍበት ሁለት ዘዴ አለው። አንደኛው የተደረገውን መጠየቅ ነው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ አሳዩን ብለዋል? የሚመጡበትን ሰዓት ምን ያህል ጊዜ አስቀድመው ነገሩዎት? ሁለተኛው፣ ጠያቂው ራሱ አካሚው ድርጅት አይደለም፤ ፈቃድ የተሰጠው ሌላ ተቋም ነው። ውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል።

መጠይቁን እንዳለ ወደ ሐረር ማምጣት ግን አያዋጣም።

አሜሪካኖቹ በፖስታና በስልክ ይጠይቃሉ። እዚህ ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም፤ ስልኩም በልጅ እጅ ከሆነ መልሱ የልጁ ይሆናል። ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ በሚነገርበት ከተማ ጥያቄው በታማሚው ቋንቋ፣ በቃል መቅረብ ይኖርበታል። በሠርግና በሐዘን ጎረቤትን የሚያሰባስበው አፎቻ ጠያቂ ለመሆን የቀረበ ይመስላል፤ ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ ታካሚ ሕመሙን መደበቅ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከጤና ጣቢያውም ከሰፈሩም ውጪ ቢሆን፣ ታማሚውንም ለብቻው ቢያነጋግር ይሻላል። መነሻ ጥያቄዎቹም ቀላል ሊሆኑ ይችላሉ፦ ባለሙያዋ መጨረሻ የመጣችው መቼ ነው? ያን ቀንስ ምን አደረገችልዎ?