መውሊድ በወደቡና በደጋው

የነቢዩ ሙሐመድ ልደት፣ መውሊድ፣ በሂጅራ አቆጣጠር በረቢዑል አወል ወር በ12ኛው ቀን ይታሰባል። ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ክረምትንም በጋንም ያዳርሳል። በዓሉ በግብፅ በፋጢማውያን ዘመን በቤተ መንግሥት ይከበር ነበር፤ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መባቻም የኤርቢል ገዥ ሙዘፈረዲን ታላቅ ግብር ያበላበት ነበር። ነቢዩ ራሳቸው አላከበሩትም በማለት የማይቀበሉት ዑለማ አሉ፤ አክባሪዎቹ ግን የፍቅርና የምስጋና መግለጫ ነው ይላሉ።

በጅቡቲ ከተማ እምብርት እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ቆሟል። ወደቡ የመኑን፣ ሶማሌውን፣ ዐፋሩንና በባቡር የወረደውን ኢትዮጵያዊ አገናኝቷል። ሁሉም መውሊድን በየራሱ ዜማ ያውቀዋል፦ በሶማሌዎች ዘንድ የጃዕፈር አል በርዘንጂ ድርሰት በዐረብኛ ይነበባል፤ በሐረር ዝክሩ በከበሮ ይደምቃል፤ በወሎ፣ በጀማ ንጉሥ፣ መንዙማው በአማርኛም ይዜማል።

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ቀኑ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ዘንድ በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ተቀላቅለው፣ ለእኩልነት አደባባይ ወጡ፤ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የበዓላቱ መታወቅ ነበር። ከዘውዱ መውደቅ በኋላ ደርግ ዒድ አል ፈጥርን፣ ዒድ አል አድሐንና መውሊድን ብሔራዊ በዓላት አደረጋቸው።

ስለዚህ በመውሊድ ቀን በጅቡቲ ከሥራው የሚያርፍ የወሎ ተወላጅ፣ አባቱ በገዛ አገሩ ያልነበረውን ዕረፍት ዛሬ በሁለቱም አገሮች ያገኘዋል።