መጻፍ፣ መመርመር፣ መሰረዝ፦ የውክፔዲያ መጣጥፎች ምርመራ ታሪክና የአማርኛ ስያሜዎቹ

1. መግቢያ

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሁሉ ከሁለት ጥያቄዎች አያመልጥም። አንደኛው፣ ምን በመዝገቡ ይግባ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ የገባው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ማን፣ በምን ሥልጣን ያውጣው የሚለው ነው። በአገራችን የመዝገበ ቃላት ሥራ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ የኖረው ጊዜ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተውት፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ለፍጻሜ ያደረሱት የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው በሦስት ሊቃውንት እጅ ካለፈ በኋላ ነው። ምርመራው ይቀድማል፤ ኅትመቱ ይከተላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠውን ሥራ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚዘጋጀውን መዝገበ ዕውቀት፣ ውክፔዲያን ነው። መጣጥፍ በዚያ እንዴት እንደሚገባ፣ እንደሚመረመርና እንደሚሰረዝ በታሪኩ ቅደም ተከተል ከተረክን በኋላ፣ የየደረጃዎቹን ስያሜዎች ወደ አማርኛ ስንመልስ ምን ልንጠነቀቅ እንደሚገባን እናመለክታለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

2. የቅደም ተከተሉ መገልበጥ

የውክፔዲያ መነሻ ኑፔዲያ የተባለ ሌላ መዝገበ ዕውቀት ነበር። በ2000 መጋቢት በጂሚ ዌልስ ባለቤትነትና የፍልስፍና ምሁር በሆነው በላሪ ሳንገር ዋና አዘጋጅነት የተጀመረው ኑፔዲያ፣ አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ከመቅረቡ በፊት ሰባት ደረጃዎችን እንዲያልፍ ይጠይቅ ነበር። ርእሱ ለጸሐፊ ይመደባል፤ ዋና መርማሪ ይፈለጋል፤ መርማሪው ያየዋል፤ ለሌሎች ባለሙያዎች ክፍት ይሆናል፤ ከዚያም የቋንቋ እርማቱ በሁለት ዙር ተካሂዶ በመጨረሻ ይጸድቃል። አሠራሩ እንከን የሚወጣለት አይመስልም። ይሁንና በ2003 ሥራው እስኪቋረጥ ድረስ ሙሉውን ምርመራ ያለፉት መጣጥፎች 25 ያህል ብቻ ነበሩ።

ለዚህ ዝግመት መፍትሔ ተብሎ የታሰበው ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 የሠራው «ዊኪ» የተባለ አሠራር ነው፤ ስሙ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው። ማንም አንባቢ ገጹን በቀጥታ እንዲጽፍና እንዲያርም ይፈቅዳል። ጥር 15 ቀን 2001 ውክፔዲያ በዚህ አሠራር ተከፈተ፤ የታሰበውም ለኑፔዲያ ረቂቅ አቅራቢ እንዲሆን ነበር። ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ በ18 ቋንቋዎች ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ መጣጥፎች ተጽፈውበት ተገኙ። ረዳቱ ዋናውን ተካው። ከዚያ ወዲህ ኅትመቱ ቀዳሚ፣ ምርመራው ተከታይ ሆነ።

3. የበሩ መመለስ

የተገለበጠው ሥርዐት ዋጋ በ2005 ታየ። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ስሙን ያልገለጸ ሰው ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር የሐሰት የሕይወት ታሪክ ጻፈ፤ ጋዜጠኛውን በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበረ አስመስሎ አቀረበው። ጽሑፉ ከአራት ወራት በላይ ሳይታረም ቈየ። ሲገንታለር በኅዳር መጨረሻ በጋዜጣ አቤቱታውን ካሰማ በኋላ፣ በታኅሣሥ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ መጣጥፍ እንዳይከፍት ከለከለ። ያልተመዘገበ ሰው ሐሳቡን ለገምጋሚዎች የሚያቀርብበት መንገድም ያኔ ተዘጋጀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የበሩ ቀስ በቀስ መመለስ ታሪክ ነው። በ2013 ለረቂቆች የተለየ ክፍል ተከፈተ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛው ክፍል አዲስ መጣጥፍ በቀጥታ ለማውጣት የጸሐፊው መዝገብ ቢያንስ አራት ቀን የሞላውና አሥር እርማቶች የተሠሩበት መሆን አለበት። ይህን ያላሟላ ጽሑፉን በረቂቅነት ያቀርባል። በ2025 እንግሊዝኛው ክፍል ከሰባት ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲደርስ፣ ሰው ሳያየው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተመረተ ጽሑፍ ያለ ውይይት የሚወገድበት ደንብም ወጣ። ስለዚህ ኑፔዲያ ተሸነፈ ማለት የእውነቱን ግማሽ ብቻ መናገር ነው። ከሰባቱ ደረጃዎች የተወሰኑት በሌላ ስም ተመልሰዋል።

4. «መሰረዝ» ወይስ «ማጥፋት»?

በእንግሊዝኛው ክፍል መጣጥፍ የሚወገድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ግልጽ ጕድለት ያለበት፣ ለምሳሌ ከሌላ ጽሑፍ በቀጥታ የተገለበጠ፣ ያለ ውይይት በአስተዳዳሪ ይወገዳል። ሁለተኛው ዓይነት እንዲወገድ ሐሳብ ቀርቦበት ለሰባት ቀን ተቃዋሚ ያልተገኘለት ነው። የሚያከራክረው ግን ቢያንስ ለሰባት ቀን በአደባባይ ክርክር ይካሄድበታል። በውሳኔው ቅር የተሰኘም የሚያመለክትበት ሌላ መድረክ አለ።

የክርክሩ መድረክ ስም ራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ «ለስረዛ የሚሰጥ ድምፅ» ይባል ነበር። ስሙ ሰዎች እጅ እየቈጠሩ እንዲወስኑ ይገፋፋ ስለነበር በ2005 «ለስረዛ የቀረቡ መጣጥፎች» በሚል ተለወጠ። በመድረኩ የሚመዘነው የደጋፊና የተቃዋሚ ብዛት ሳይሆን የቀረበው ምክንያት ነውና። ስያሜ አሠራርን ሊያጣምም እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለእኛ የሚነሣው ጥያቄ ድርጊቱን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ነው። «ማጥፋት» ቀላልና የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሚሆነውን በትክክል አይገልጽም። በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በስለት ሲፋቅ ለተከታዩ አንባቢ የሚታይ ቃል አይተርፍም። ሲሰረዝ ግን መስመር ይጋደምበታል እንጂ ከሥሩ ያለው ይነበባል። ከውክፔዲያ የሚወጣ መጣጥፍም ከሕዝብ ዐይን ይሰወራል እንጂ አይፋቅም። አስተዳዳሪዎች የቀድሞውን ጽሑፍ ሊያዩት፣ ውሳኔው ከተሻረም ሊመልሱት ይችላሉ፤ የክርክሩ ቃልም ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ «ስረዛ» ከ«ማጥፋት» ይልቅ ለድርጊቱ ይቀርባል። ሥራው ጠፋበት የተባለ ጸሐፊ ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል፤ ተሰረዘበት የተባለው ግን ይግባኝ እንዳለው ያስባል።

5. «ታዋቂነት» ወይስ «ተጠቃሽነት»?

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን አንድ መጣጥፍ የመቈየት መብት የሚያገኝበት መስፈርት ስያሜ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በቀጥታ ቢመለስ «ታዋቂነት» ወይም «ጕልህነት» ይሆናል። መስፈርቱ የሚጠይቀው ግን ዝናን አይደለም፤ ከባለ ጕዳዩ ነጻ የሆኑና የታመኑ ምንጮች ስለ ነገሩ በሰፊው ጽፈዋል ወይ ብሎ ነው።

የሁለቱን ልዩነት የካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ የዶና ስትሪክላንድ ጕዳይ ያሳያል። ስለ እርሷ የቀረበ ረቂቅ በ2018 ግንቦት ላይ፣ የተጠቀሱት ምንጮች መስፈርቱን አያሟሉም ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን የኖቤል ሽልማት አገኘች፤ መጣጥፉም ያን ዕለት ወጣ። ገምጋሚው የመዘነው በረቂቁ ሥር የተደረደሩትን ምንጮች እንጂ የሊቋን ሥራ አልነበረም። በመሆኑም «ተጠቃሽነት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ ጕድለቱ የሰውዬው ሳይሆን የጽሑፍ ምስክሩ መሆኑን ይናገራልና።

ይህ ስያሜ ሌላም ነገር ይገልጣል። ተጠቃሽነት የሚለካው በታተመ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ዕውቀቱ በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ኅብረተሰብ በመስፈርቱ ፊት ከወዲሁ ድኻ ሆኖ ይቀርባል። በአገሩ የታወቀ የቅኔ መምህር መጽሐፍ ካልጻፈና ካልተጻፈለት፣ «ታዋቂ አይደለም» ብንል እንዋሻለን። «ተጠቃሽ ጽሑፍ አልተገኘለትም» ብንል ግን እውነቱን ተናግረን የእኛንም ሥራ እናመለክታለን።

6. ገምጋሚ ሲታጣ

የቋንቋ ክፍሎቹ ደንባቸውን የሚያወጡት በየራሳቸው ነው። ታናናሾቹ ክፍሎች የሚጐዱት ግን ከበሩ ጥብቀት ይልቅ በጠባቂ ማጣት ነው። በ2020 የስኮትስ ቋንቋ ክፍል ከ20 ሺህ በላይ መጣጥፎች ቋንቋውን በማይችል አንድ ወጣት አሜሪካዊ እንደተጻፉ ታወቀ። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ፊደሉ ብቻ ስኮትስ እንዲመስል ተደርጓል። ለዓመታት የመለሰው አልነበረም። ቋንቋውን ከዚያ ለመማር የሞከረ ሁሉ የሌለ ቋንቋ ተማረ።

15 ሺህ ያህል መጣጥፎች ያሉት የአማርኛው ውክፔዲያ ከዚህ አደጋ ውጭ ነው ለማለት አንደፍርም። መኪና የተረጐመው አማርኛ በየቀኑ በሚበረክትበት በዚህ ጊዜ፣ የቋንቋ ባለሙያ በገምጋሚነት ካልተገኘ፣ በሩን ማን ይጠብቃል?

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለስያሜ ሥራ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም የመቀበልና የመጣል ሥልጣን የሚከበረው ምክንያቱ ሲመዘገብ ነው የሚለው ነው። በስያሜ ስብሰባዎቻችን የተጣለ ቃል ብዙ ጊዜ ይፋቃል እንጂ አይሰረዝም፤ ለምን እንደተጣለ የሚያሳይ ወረቀት አይተርፍም። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቃል ሌላ ጉባኤ እንደ አዲስ ያነሣዋል፤ ክርክሩም ከመጀመሪያው ይጀመራል። «ረቂቅ»፣ «ገምጋሚ»፣ «ስረዛ»፣ «የስረዛ ውይይት»፣ «የስረዛ ይግባኝ» እና «ተጠቃሽነት» የሚሉትን ስያሜዎች ለአንባብያን ትችት እናቀርባለን። የሚጣል ቢኖር ከነምክንያቱ እንዲመዘገብልን እንጠይቃለን።